እርጎው ፊቴ ላይ ሳይደርቅ

ፍቅሩን መናገር የፈለገ ወንድ ሰዓት አያጣም። ጠዋት አለ፣ ምሳ ሰዓት አለ፣ ከሥራ መውጫ አለ። የኔው ጉድ ግን ከቀኑ ሁሉ የመረጠው እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ፊቴ በእርጎ ተለቅልቆ፣ አፌን መክፈት የተከለከልኩበትን ሰዓት ነው። እስካሁን ድረስ ሳስበው ቆሽቴ ያርራል።

ዛሬ ገና ለምታገኙኝ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምሠራው የወተት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሥራዬም መቅመስ ነው። አትሳቁ፣ ሥራ ነው! ወደ ገበያ የሚወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በኔ ምላስ ያልፋል። ከወደድኩት «ይለፍ» እላለሁ፣ ካልወደድኩት «ይውደቅ» እላለሁ፤ ሌላ ቃል አይጠበቅብኝም። ሌሎችም ቀማሾች አሉ፣ የኔ ምላስ ግን አይሳሳትም ተብሎ ስለተወራ የመጨረሻው ቃል የኔ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ፋብሪካው አዳዲስ የእርጎ ምርቶችን እንሞክር ብሎ ስለተነሳ፣ መቅመሱ አልበቃ ብሎ መቀባቱም መታጠቡም እኔው ላይ ወደቀ። የዝንጅብል እርጎ ጠጣሁ። የኪያር እርጎ በማንኪያ በላሁ። የካሮትና የእርጎ ሾርባ በትኩሱ ተጎንጭቼ ላንቃዬ ተላጠ። ፀጉሬን በእርጎ ቅባት ታሽቼ ወደ ቤት ስሄድ የሰፈሩ ድመት በሙሉ ተከተለኝ። የእርጎ የከንፈር ቅባት ተቀብቼ «ምን ያህል ቆየልሽ?» ሲሉኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሳላስበው ልሼ ጨርሼዋለሁ።

ይሄን ሁሉ የሚፈለስፈው የፋብሪካው ባለቤት ልጅ ነው። ሠራተኛው «እርጎው» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ከነጭ ጋውኑ ስለማይወጣና ቃል ከአፉ ለማውጣት ቀን ስለሚፈጅበት። አንድ ስኒ ያቀብለኛል፣ ስቀምስ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ «ምን ጎደለው?» ይለኛል። እኔ «ትንሽ ዝንጅብል» እላለሁ። እሱ «እሺ» ይላል። በቃ! ዓመቱን ሙሉ የተባባልነው ይሄው ነው። እኔ ከወደድኩት ቆይቻለሁ። እሱም እንደሚወደኝ ዓይኑ ይናገራል፤ ግን በዓይን ብቻ እስከ መቼ ይኖራል? ጨጓራዬን ላጠው እኮ!

መናገር ያቃተው ያለምክንያት እንዳልሆነ ልመስክርለት። እናቱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ፋብሪካውን ከጥቂት ላሞች ተነስተው ያቆሙ፣ ሲያልፉ ግቢው ጸጥ የሚል ሴት ናቸው። የኔ እናት ደግሞ እዚያው ግቢ፣ ጓሮ፣ የወተት በርሜል የምታጥበው ናት። እትዬ ልጃቸውን ለማን እንዳሰቡት አላውቅም። ለበርሜል አጣቢ ልጅ እንዳልሆነ ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። የፊት ቅባት ሲሞከር ሕጉ ግልጽ ነው። እርጎው ፊት ላይ እስኪደርቅ መናገር የለም፣ መሳቅ የለም፣ ማልቀስም የለም። ከተሰነጠቀ ሙከራው ተበላሸ፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። የሚያቃጥል ከሆነ ግን እጅ ይነሳል። እጅ ከተነሳ አጠገብ ያለ ሰው ምንም ሳይጠይቅ ውሃ ይደፋል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ልጁ፣ «እርጎው» ነው፤ አንዴ የእርጎና የሎሚ ቅባት የአንዷን ባልደረባችንን ጉንጭ ካሳበጠ ወዲህ። ለዚህም ሲባል የሙከራ አልጋዬ ሥር ሁልጊዜ በውሃ የተሞላ ባልዲ ይቀመጣል።

እንግዲህ ተንጋልያለሁ። እርጎው ግማሽ በግማሽ ደርቋል፣ ቆዳዬን ጨምድዶ ይዞኛል። በሩ ተከፈተ። በጫማው አወቅኩት፤ የፋብሪካ ባለቤት ልጅ ሆኖ ከዚያ ከሚንጫጫ የላስቲክ ቦቲ ሌላ ጫማ ያለው አይመስልም።

«አትነሺ» አለኝ።

መነሳት እችላለሁ እንዴ?

«አትናገሪም አይደል? ጥሩ ነው» አለ፣ ወንበር ስቦ። «ስትናገሪ ቃሌ ይጠፋብኛል።»

ዓይኔን ወደሱ አዞርኩ። ከአካሌ የቀረልኝ ዓይኔ ብቻ ነበር። ከኪሱ ማንኪያ አውጥቶ ማገላበጥ ጀመረ።

«ነገ የመጨረሻው ቅምሻ ነው። እማዬ ነግራኛለች። የነገው ስኒ ካለፈ የኛ የሙከራ ክፍል ይቀጥላል። ከወደቀ ግን ይዘጋል፤ እኔም ወደ ቅርንጫፉ እሄዳለሁ። ላሞቹ ጋ። መንገዱ ቀኑን ሙሉ በመኪና ነው።» ማንኪያውን አገላበጠ። «ከዚህ ስርቅ አንዳንድ ነገር እተዋለሁ ብላ ነው እሷ።»

አንዳንድ ነገር ማለት እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ፤ እርጎው ባይኖር ፊቴ ላይ ይታይ ነበር።

«እኔ ግን ስለ ስኒው አልመጣሁም» አለ። ከዚያ ማንኪያውን አገላበጠ። አገላበጠ፣ አገላበጠ፤ እኔ ውስጥ ውስጡን «ኧረ በናትህ ተናገር!» እያልኩ ስጮህ፣ በመጨረሻ ማንኪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና «እወድሻለሁ» አለኝ።

እግዜር ያሳያችሁ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል መጣ፣ እኔ ደግሞ ፊቴን እንኳን ማንቀሳቀስ አልችልም። እንባዬ መጣ። ማልቀስ የለም! ፈገግታዬ መጣ። መሳቅ የለም! ልቤ ብቻ ማንንም ሳያስፈቅድ ደረቴን ይደልቃል።

«አንቺም የምትወጂኝ ከሆነ ስኒው ወደቀም አለፈም ነገ እናቴ ፊት እናገራለሁ» አለ። «የማትወጂኝ ከሆነ ግን ዝም ብዬ እሄዳለሁ፣ አላስቸግርሽም። እና… ምን ትያለሽ?»

ምን ትያለሽ! በምን አፌ?

ሙከራው ገደል ይግባ አልኩ በሆዴ። አፌን ልከፍት ስል ግን እርጎው ከንፈሬን ሰፍቶ ይዞኝ ነበር። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ አላውቅም፣ የጋውኑን እጅጌ ልይዝ እጄን አነሳሁ።

እጄን አነሳሁ! ገባችሁ?

«አቃጠለሽ!» ብሎ ዘለለ። ወንበሩ ተገለበጠ። ባልዲውን አንስቶ ከነሙሉው ፊቴ ላይ ደፋው። ውሃው በአፍንጫዬ ገባ፣ በጆሮዬ ገባ፣ አንገቴ ሥር ገባ። ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው ሳል ብቻ ነው። ጩኸቱን የሰማች እናቴ ፎጣ ይዛ ከጓሮ እየሮጠች ገባች።

«ይቅርታ» ይላል፣ ወደ ኋላ እየሄደ። «ይቅርታ፣ መናገር አልነበረብኝም። አቃጠልኩሽ። ይቅርታ።»

«አይደለም…» ብዬ ሳልኩ። «ቆይ…» ብዬ ሳልኩ። ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል በሩ ክፍት ነው፣ የቦቲው ጩኸት ኮሪደሩ ጫፍ ደርሷል።

እናቴ አገጬን ይዛ ፊቴን ወዲህ ወዲያ አገላበጠችው። «ምን አደረገሽ ልጄ?»

«ምንም አላደረገኝም!» አልኩና በፎጣው ተሸፍኜ ተንሰቀሰቅኩ። «ችግሩ እኮ እሱ ነው!»

*

ከሰዓት በኋላውን እሱን ስፈልግ ዋልኩ። የሙከራ ክፍሉ በር ተዘግቷል። ባንኳኳ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ፊትሽ ተሻለሽ?» አለኝ ከውስጥ፣ የታመመ ሰው በሚጠየቅበት ድምፅ። «ፊቴ ምንም አልሆነም፣ ክፈት!» ልል ስል እትዬ ከበስተኋላዬ ብቅ አሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ቅምሻው ነገ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ ዛሬ እዚህ በር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

ምን እላለሁ? ልጅዎ ልቡን ሰጥቶኝ ባልዲ ደፋብኝ ልበል? አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

ደብዳቤ ልጽፍለት ምሳ ቤቱ ጥግ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ። ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን «አንተ» ነው፤ በወረቀት ላይ ስንት ሰው እንዳለ በምን ይታወቃል? «እጄን ያነሳሁት አቃጥሎኝ ሳይሆን» ብዬ ጀመርኩና ሳነበው የክፍሉ የሙከራ ማስታወሻ መሰለኝ። ቀደድኩት። ከሥራ ስንወጣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ከእናቱ ጋር በመኪና አለፈ። በመስኮቱ አየኝ። ያ አስተያየቱ! ሰው በድሎ እንደተያዘ ሰው ዓይኑን ሰበረብኝ። መኪናውን በድንጋይ ብለው ደስ ባለኝ።

ቤት ገብተን እናቴ እግሯን ዘርግታ ቁርጭምጭሚቷን እያሸች «ንዴትሽ አልበረደም ወይ ገና?» አለችኝ።

«ማን ተናደደ?»

«ሳህኑ ይመስክር። ቀስ ብለሽ አስቀምጪው፣ ምን በደለሽ?» ሌላኛውን እግሯን ማሸት ጀመረች። «እኔ ያንን ልጅ አልጠላውም። ጨዋ ነው። ግን ጤነኛ አይመስለኝም። ባለፈው ሰሞን ማጠቢያው ጋ መጣና በርሜል ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ጨው ጠየቀኝ።»

«ጨው?»

«አዎ፣ ጨው። ስንት ቁንጥር ነበር፣ ዝንጅብሉ ደረቅ ነው እርጥብ፣ ምናምን። ሥራ አስፈታኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ጆሮዬ ይቆም ነበር። ያን ዕለት ግን እንኳን ጨው፣ መርዝ ጠየቀኝ ብትለኝ አልሰማም።

«ይልቅ ስሚኝ» አለች እናቴ፣ ማሸቷን ትታ። «ነገ እውነቱን ተናገሪ። ከገበያ የሚመለሰውን እርጎ የምደፋው እኔ ነኝ። በየቀኑ፣ በርሜል በርሜሉን። ሰው ምግብ ሲደፋ እጁ እንዴት እንደሚከብደው አታውቂም። እንዲህ ከቀጠለ ክፍሉ ብቻ አይደለም የሚዘጋው፤ እኔንም አንቺንም ይዞ ነው የሚሄደው።»

ይሄ ነገር ለራሴም እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ነበር የከረመው። ዘንድሮ «ይለፍ» ያልኩት ሁሉ ተመልሷል። ዝንጅብሉ ተመለሰ፣ ኪያሩ ተመለሰ፣ ሾርባው እንኳን ከነሳጥኑ መጣ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ወድጃቸዋለሁ! ምላሴ ነው የተበላሸው ወይስ አገር ምድሩ? በዚያ ላይ ነገ በዚሁ ምላሴ የምወደውን ሰው አስቀራለሁ ወይ እሸኘዋለሁ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያውን እያየሁ በሁሉም ተናደድኩ፤ በእሱ፣ በእትዬ፣ በገበያው፣ ላሞቹን ጨምሮ። እንባዬ መጣ፤ በዚያ ሰዓት ማልቀስ ስለተፈቀደልኝ አለቀስኩ።

*

የቅምሻው ክፍል ነጭ ነው፤ ግድግዳው፣ ጠረጴዛው፣ ስኒው፣ ሁሉም። በጠረጴዛው ፊት ነጭ መጋረጃ አለ። ትልቁ ቅምሻ ሲሆን የሠራው ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ይቆማል፤ የቀማሿን ፊት እንዳያይ፣ ቀማሿም የሱን እንዳታይ። እትዬ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል። የሽያጭ ኃላፊው አጠገባቸው ሆኖ ላቡን ይጠርጋል። እናቴ የታጠቡ ስኒዎች በትሪ ይዛ በሩ ሥር ቆማለች። ከመጋረጃው በታች ያ ቦቲ ይታያል። አንዱ ጫማ ሌላኛውን ይረግጠዋል።

«ከመቅመሷ በፊት አንድ ነገር ልበል እትዬ» አለ የሽያጭ ኃላፊው። «እኔ ገበያ ላይ ፊቴን ማሳየት አፍሬያለሁ። ባለሱቁ ምን ይለኛል መሰልዎት? ‹ይሄ እርጎ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው እንዲህ የኮመጠጠው?› ይለኛል። ሌሎቹ ቀማሾች እኮ ከመጀመሪያው ‹ይጎመዝዛል፣ ስኳር ይግባበት› ብለዋል። አንዴም አልገባበትም! ልጁ የሚሰማው የሷን ብቻ ነው። እሷ ዝንጅብል ካለች ዝንጅብል፣ እሷ ይኮምጥጥ ካለች ይኮመጥጣል።»

ክው አልኩ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እትዬ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ልጃቸው ያለበትን መጋረጃ፣ ከዚያ እኔን አዩና «ቅመሺ» አሉኝ።

ስኒውን አነሳሁ። ወፍራም ነው። ሽታው ቀዝቃዛና ደስ የሚል። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ፤ ከዚያ ስኒውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ጨው ነበረው። ቁንጥር ጨው፣ የተፈገፈገ እርጥብ ዝንጅብል፣ ስኳር የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማጠቢያው ጋ በተደፋ በርሜል ላይ እቀመጥ ነበር። እናቴ ከማጠቧ በፊት ከበርሜሉ ሥር የረጋውን በጣቷ ጠርጋ መዳፌ ላይ ታደርግልኝ፣ ጨው ነስንሳ፣ ዝንጅብል ፈግፍጋ «ቶሎ ላሺ፣ ሰው ሳያይ» ትለኝ ነበር። እስከዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንዴ ብቻ፣ የካሮቱ ሾርባ ላንቃዬን በላጠኝ ቀን፣ ተበሳጭቼ ለልጁ፣ ለ«እርጎው» ነግሬዋለሁ፤ እሱም እንደ ልማዱ «እሺ» ብሎኝ ሄደ።

«እሺ» ብሎኝ ሄዶ ይሄን ነው ለካ የሚሠራው! ለዚህ ነው ለካ እናቴን ጨው ጨው ያላት! ዓመቱን ሙሉ ለገበያ አይደለም የሠራው። ለኔ ነው። እያንዳንዱን ስኒ፣ ያን ሾርባ ሳይቀር። አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ፤ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቃል ለመተንፈስ የሰው ፊት እስኪለጠፍ ይጠብቃል?

«እ?» አሉ እትዬ።

ሁለት ቃል ነው ያለኝ። ይለፍ ብል ይቀርልኛል። ቦቲው ነገም እዚህ ይንጫጫል፣ ነገም ስኒ ያቀብለኛል፣ የትናንቱንም ቀስ ብዬ አስረዳዋለሁ። እናቴ ግን ይሄንንም በርሜል በርሜሉን ትደፋዋለች። ይውደቅ ብል ደግሞ ይሄዳል፤ የሚሄደውም እንዳልወደድኩት ቆጥሮ፣ ያን የተሰበረ ዓይኑን ይዞ። በሩ ላይ እናቴን አየኋት። በትሪው ላይ ያለው እጇ ውሃ ጠጥቶ የተጨማደደ ነው። አፌ ደረቀ። የእርጎ ቅባት እንደገና የተቀባሁ መሰለኝ።

«ይውደቅ» አልኩ።

ከመጋረጃው ሥር ቦቲው ቀጥ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ፤ አፍንጫው ወደ ኋላ በር፣ ተረከዙ ወደኔ። በዚህ ዓይነት ዝም ብሎ ሊሄድልኝ ነው እኮ!

«ቆይ!» ብዬ ብድግ አልኩና መጋረጃውን ገለጥኩት። ማንም ቀማሽ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሊቀ መላእክት ቢመጣ በዚያች ሰዓት የሚያቆመኝ አልነበረም። «የት ነው የምትሄደው? አልጨረስኩም!»

እትዬ ፊት «አንተ» ስለው የሽያጭ ኃላፊው ላቡን መጥረጉን አቆመ።

«ወደቀ» አልኩት። «ለምን እንደወደቀ ታውቃለህ? የኔ ስለሆነ ነው! እንዲህ አድርጎ የሚጠጣ ሰው በዚህ ምድር እኔና እናቴ ብቻ ነን። ለሁለት ሰው ፋብሪካ ይቆማል? ስኳር ጨምር ሲሉህ ለምን አልጨመርክም?»

ዞር ብሎ አየኝ። «አንቺ ስኳር አትወጂም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እኔ አልወድም! ሰው ግን ይወዳል! ሕዝቡን በሙሉ እኔ አደረግከው እንዴ?»

«እኔማ ሌላ ሰው አይታየኝም» አለ።

አቤት! እንዲህ ያለ ቃል ነበረው ለካ ይሄ ሰው! ቁጣዬ ግን ገና አላለቀም ነበር።

«ታዲያ ይሄን ፊቴን ታጥቤ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ትናንት እጄን ያነሳሁት አቃጥሎኝ መሰለህ? አላቃጠለኝም! እጅጌህን ልይዝ ነው! አዎ ልልህ ነው! አንተ ባልዲ ታነሳብኛለህ! ሌሊቱን ሙሉ ስስል አደርኩ፣ ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን ውሃ አለ!»

ከበሩ ጋ ስኒ ከትሪው ላይ ወድቆ ተሰበረ። እናቴ ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች፤ ዓይኗን ግን ከኛ ላይ አልነቀለችም።

«አዎ… ልትዪኝ ነበር?» አለኝ።

«ምን ልል ነበር ታዲያ?»

«ለዚህ ነው እኮ ፊትሽ ላይ እርጎ እያለ የመጣሁት» አለ፣ ቃሉ እየተሰናከለ። «ታጥበሽ ቢሆን ኖሮ ትመልሺልኝ ነበር። አይሆንም ካልሽኝስ ብዬ… ፈራሁ።»

«በቃ!» አሉ እትዬ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። «እና እኔ ዘንድሮ በሙሉ ወተቴን የከሰርኩት ይሄ ልጅ አንድ ቃል መናገር አቅቶት ነው?»

የሽያጭ ኃላፊው እንደገና ላቡን መጥረግ ጀመረ።

ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«የጨው ልክ ጠየቀኝ እንጂ ሌላ የማውቀው የለም እትዬ» አለች እናቴ፣ ስብርባሪውን በቀሚሷ ይዛ።

እትዬ ስኒውን ወደራሳቸው ሳቡ። አሸተቱት። አንድ ጊዜ ተጎነጩና ስኒውን ከከንፈራቸው ሳያርቁ ቆዩ። ፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቀው ነገር አለፈ።

«ከበርሜል ሥር» አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ጨው ነስንሼ ነበር የምበላው፣ ላሞቹን ራሴ ሳልብ።» ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደቀ ተብሏል፣ ወድቋል! ይሄ አይሸጥም። ክፍሉ ይዘጋል። አንተ ሰኞ ወደ ቅርንጫፉ ትሄዳለህ፤ ሰው የሚጠጣውን መሥራት እስክትማር እዚያው ነህ።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺ። ይለፍ ብትዪ ይቀርልሽ እንደነበር አላወቅሽም?»

«አውቄያለሁ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«የተመለሰውን የምትደፋው እናቴ ናት» አልኩ።

ስኒውን በእጃቸው አዞሩት። «ስለ ሌላው ነገር ዛሬ አልናገርም» አሉ በመጨረሻ፣ ሲነሱ። «ራሴን አሞኛል። አናዳችሁኛል ሁላችሁም።» ወጡ። ስኒውን ግን ጠረጴዛው ላይ አልተዉትም። በእጃቸው እንደያዙ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲጎነጩት አየሁ። የሽያጭ ኃላፊው ጫማውን እያየ ተከተላቸው። እናቴ ወለሉን ልትወለውል ውሃ የሞላ ባልዲ አምጥታ መሃላችን አስቀመጠችና «መወልወያው ቀርቶብኛል» ብላ ሄደች። መወልወያው ትከሻዋ ላይ ነበር።

ብቻችንን ቀረን። እሱ መጋረጃው ጋ፣ እኔ ጠረጴዛው ጋ።

«ሰኞ ልሄድ ነው» አለኝ።

«ሰምቻለሁ። ሂድ። ስኳር መጨመር ተማር።»

«ትጠብቂኛለሽ?»

«ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አታውቅም እንዴ አንተ?» አልኩት። «መጀመሪያ የትናንቱን ድገመው። ይኸው፣ ታጥቤያለሁ። ፊቴ ላይ ምንም የለም።»

ማንኪያ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። የለም። እጁን ከኪሱ አወጣና ፊቴን ቀጥ ብሎ አየኝ።

«እወድሻለሁ» አለ። «ምን ትያለሽ?»

እኔ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት የጮህኩት፣ አፌን ከፈትኩ። ምንም! ቃል የሚባል ነገር የለም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ዓመቱን ሙሉ ምላስ ምላስ ስባል ኖሬ በዚያች ሰዓት ምላሴ ጥላኝ ሄደች። ሌላ መላ ሲጠፋኝ እጄን አነሳሁ።

ቀጥ አለ። ዓይኑ ወደ ባልዲው ሄደ። ወይኔ! አልኩ በሆዴ፤ ከደገመው እዚሁ እሞታለሁ።

ባልዲውን ተሻግሮ መጣ። ያነሳሁትን እጄን በአየር ላይ እንዳለ ያዘው፤ መዳፉ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል።

«ያቃጥልሻል?» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

«በጣም» አልኩት። «ውሃ እንዳታነሳ።»